«ልጄ ከበዓል ማግስት ድምጿ ይዘጋል»
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሰንበት ትምህርት ቤትና በዜማ ቤት ስላሉ ልጆች ናቸው። ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የተላኩ ሲሆኑ፣ ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጅ አለችኝ። በደብራችን ከሕፃናት መዘምራን ጋር መዘመር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ደስታዋን ብታዩት! ግን በየበዓሉ ማግስት ድምጿ ይዘጋና ሦስት አራት ቀን ጎርንና ታወራለች። ጎረቤቶቼ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪላት» ይሉኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እኅታችን፣ እባክዎ እንጥሏን አያስቆርጡ። እንጥል ከላንቃ ጫፍ የሚንጠለጠል ሥጋ ነው። ድምፅ የሚፈጠረው ከእሱ በታች፣ ማንቁርት ውስጥ ባሉ ሁለት ስስ የድምፅ አውታሮች ነው። እንጥሉ ቢቆረጥ የድምፁ መዘጋት እንዳለ ይቀራል፤ በላዩ ደም መፍሰስ፣ ቁስሉ መመርቀዝ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ምላጩ ሌላ ሰው የነካ ከሆነም በደም የሚተላለፍ በሽታ ይመጣል። በዚህ የሞቱ ልጆች አሉ።

ልጅዎን የያዛት የአውታሮቹ ማበጥ ነው። በስምንት ዓመት ልጅ እነዚህ አውታሮች ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይረዝሙም፤ የአዋቂ ወንድ አውታር የዚህ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስትዘምር በሰከንድ ሦስት መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በልኩ ስትዘምር ግጭቱ ለስላሳ ነው። ስትጮህ ግን እንደ ጭብጨባ ይሆናል፤ እጅ ብዙ ሲያጨበጭብ እንደሚቀላው ሁሉ አውታሮቹም ያብጣሉ። ያበጠ አውታር በደንብ አይገጥምም፤ በክፍተቱ ትንፋሽ ያመልጣል፤ መጎርነኑ ያ ነው። ዕረፍት ሲያገኝ በጥቂት ቀን ይመለሳል። ሳያርፍ በየሳምንቱ ከተደጋገመ ግን እጅ ላይ መጅ እንደሚወጣ አውታሩ ላይም ትንሽ ጥጥር ይወጣል፤ የእሱ ሕክምና ወራት ይፈልጋል።

ታዲያ ለምን በበዓል? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከልጅቷ ሳይሆን ከዝማሬው አመራር ነው። ይህን ለመምህሯ ያንብቡላቸው።

ትልቁ ስሕተት አነሳሱ ላይ ነው። መዝሙሩን የሚያነሣው ወጣት ወንድ መምህር ለራሱ በሚመቸው ወፍራም ድምፅ ይጀምራል። ለሕፃናቱ ያ ድምፅ ከጉድጓድ በታች ነው። ግማሾቹ ሊደርሱበት ሲሉ ከጉሮሯቸው ያጉረመርማሉ፤ ግማሾቹ ወደ ላይ ዘለው ይጮኻሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመሃላቸው ድምፀ ጥሩ የሆነች አንዲት ልጅ ታንሣው፣ መምህሩ ይከተላት። መነሻውን ለማግኘት ልጅቷ ግቢው ጫፍ ላይ ያለችውን እናቷን ሳትጨነቅ «እማዬ!» ብላ ትጥራ፤ ያ የሚወጣው ድምፅ ከመካከለኛው ልኳ ብዙ አይርቅም። ከዚያ የመዝሙሩን ከፍተኛ ስንኝና ዝቅተኛ ስንኝ ለብቻ ያስሞክሯት። ከፍተኛው ላይ የአንገቷ ሥር ከተገተረና አገጯ ወደ ላይ ከተነሣ አነሳሱ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ዝቅተኛው ላይ ቃሉ ከጠፋ ዝቅ ብሏል። ይህ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ የበዓሉን ማግስት ያድናል።

ሁለተኛው ከበሮውና ድምፅ ማጉያው ነው። ልጅ የራሱን ድምፅ ካልሰማ ሳያውቀው ይጮኻል። ከበሮው ከረድፉ መሃል ወጥቶ ጫፍ ላይ ይቁም፤ ትልቁ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ከልጆቹ ጀርባ አይቀመጥ። ማይክሮፎኑ ከአንድ ልጅ አፍ ተለጥፎ ከሚዞር ሁለት ክንድ ያህል ርቆ ለረድፉ ሁሉ ቢቆም ይሻላል። ልጆቹንም «ድምፃችሁን አውጡ!» ከማለት «ቃሉ ይሰማ» ማለት ይበጃል። መጀመሪያ የተባለው ያስጮኻል፤ ሁለተኛው ከንፈርና ምላስ ያሠራል።

ሦስተኛው የእናንተው አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጥር ንጋቷ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ከተራ ማታ ውጭ ያመሸች ልጅ በማለዳ አፏን ከፍታ ስትዘምር አውታሮቿ ይደርቃሉ። አንገቷን በነጠላ ይጠቅልሉላት፤ እስክትጀምር ድረስ በአፍንጫዋ ትተንፍስ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ጥቂት ጥቂት ትጠጣ። ድምጿ ከተዘጋ አንድ ሁለት ቀን ዝም ትበል፤ ማንሾካሾክ ዕረፍት አይደለም፣ ያደክማል። ስታወራ በተፈጥሮ ድምጿ ቀስ ብላ ታውራ። ሻይ በማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፤ ነገር ግን የሚዋጥ ነገር በምግብ ቧንቧ ስለሚወርድ አውታሩን አይነካውም፤ ስለዚህ ማሩን መድኃኒት ብለን አንመካበት። ጥሬ እንቁላል የሚሰጡ አሉ፤ ድምፅ አያጠራም፣ ጀርም ግን ሊያስገባ ይችላል። በፈላ ድስት ላይ አጎንብሳ እንፋሎት መሳብም ልጅ የሚያቃጥል አደጋ ነው፤ አይሞክሩት። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ከጭሱ ቤት ትውጣ። መጎርነኑ ከሦስት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ስትተነፍስ ካስቸገራት ወይም ስትውጥ ካመማት፣ የአንገት በላይ ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥር ዓመቱ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነው። ቅዳሴ ላይ ዜማ ሲሰማ ከቦታው አይነቃነቅም። ከሩቅ አገር ያሉ የኔታ ጋር ልላከው ወይስ ትምህርቱን ይቀጥል? በምንስ ይጀምራል? (አባት፣ ከሞጣ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጨረሻው እንጀምር። ዜማ ከንባብ በኋላ ነው። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያ ዳዊት፤ በየደረጃው ቁጥር፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ በሚባሉት የንባብ ስልቶች። የግእዝ ቃል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ተብሎ እንደሚነበብ ልጁ በጆሮው ማወቅ አለበት። ይህ ሳይጠና ዜማ የጀመረ ልጅ ዜማውን በተሳሳተ ንባብ ላይ ይሠራዋል፤ በኋላ ንባቡን ሲያርሙት ዜማውም አብሮ ይፈርስበታል። ዳዊት ያልደገመ ልጅ ካለዎት ለዜማ አይቸኩሉ።

ንባቡ ከጠራ ውዳሴ ማርያምን በዜማ ይጀምራል። የሰኞው «ፈቀደ እግዚእ» ብሎ ይነሣል፤ እንዲህ እያለ የሰባቱ ቀን ለየብቻው ይጠናል። ከዚያ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍና ድጓ ወደሚባሉት የዜማ መጻሕፍት ይሻገራል፤ ቅደም ተከተሉ እንደ መምህሩ ሊለያይ ይችላል። ድጓውን ሲከፍት ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶችን ያያል። ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚነሡት ምልክቶች ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሒደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ። ድርስና አንብር ሲጨመሩ አሥር ይሆናሉ። ቅናት ድምፁን ያነሣዋል፣ ድፋት ያወርደዋል፣ ርክርክ ያርገበግበዋል፣ ቁርጥ ይቆርጠዋል። ከነሱ ጎን የሚታዩት የፊደል ምልክቶች ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጇቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ግን አስታዋሽ ነው፤ ምልክቱን አይቶ ብቻ ዜማውን ማውጣት አይቻልም። ዜማው ያለው የኔታ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ልጁ ከየኔታ ፊት ተቀምጦ ቀለም፣ ማለትም የዕለቱን ትምህርት፣ ይቀበላል፣ ወደ ዛፉ ሥር ወይም ወደ ግድግዳው ጥግ ሄዶ ይደጋግማል፣ ተመልሶ ያሰማል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳለ ልጁ አንዲት ርክርክ ቢዘል ያስቆሙታል።

መጠኑ ትንሽ ይሁን። ለጀማሪ በቀን ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። የዛሬው ሳይጠራ የነገውን መቀበል ዋናው ብልሽት ነው፤ ተሳስቶ የጠና ቀለም አዲስ ከመማር ይልቅ ለማረም ይከብዳል። በየቀኑ ሠላሳ ደቂቃ ያጠና ልጅ ቅዳሜ ብቻ አራት ሰዓት ከሚያጠና ልጅ ይበልጣል፤ ድምፁም አይጎዳም።

ትምህርት ቤቱን አያስተዉት። አሥር ዓመት ልጅ ከቤት ርቆ እንዲሄድ አንመክርም። በአቅራቢያችሁ ባለው ደብር ካሉ መምህር ጋር ጎሕ ሲቀድ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት ቢማር የዜማውን መሠረት ይጨርሳል። አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ማለት የአባቶች መንገድ ነው፤ ያፈራቸው ሊቃውንትም ብዙ ናቸው። ሆኖም ውሻው፣ ብርዱ፣ ረኃቡና ሕመሙ ለሕፃን አንድ ዓይነት አይደለም። ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት ሲሞላው በራሱ ፈቃድ ይሂድ። ያኔ ድጓን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሻገራል። ቅኔ ከፈለገ ከጎጃም መውጣት አያስፈልገውም፤ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ ስማቸው የታወቀው በዚሁ ነው።

ቤተ ዘመድ ወስኖ ልጁን አሁኑኑ የሚልከው ከሆነ፣ ከመላክዎ በፊት ሄደው በዓይንዎ ይዩ። ጎጆው ውስጥ ስንት ልጅ ይተኛል? እሳት የሚነድበት ቤት ከሚተኙበት ተለይቷል? ውኃው ከየት ነው? የኔታ ወላጅ መጥቶ እንዲያይ ይፈቅዳሉ? ሲታመም ማን ጤና ጣቢያ ይወስደዋል? እከክ በጎጆ ተማሪዎች ዘንድ የሚመላለሰው አንዱን አክሞ ሌላውን በመተው ነው፤ በጎጆው ያሉት በሙሉ በአንድ ቀን መታከም፣ ልብሱና ብርድ ልብሱ በዚያው ቀን በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት። የማይታጠበው ደበሎ በከረጢት ታስሮ ለአራት ቀን ያህል ይቀመጥ፤ ተባዩ ከሰው ገላ ርቆ ከዚያ በላይ አይቆይም።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር መምህር ነኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ጎበዝ ዘማሪያችን ድምፁ በድንገት ይሰነጠቅ ጀመር፤ ጓደኞቹ ሲሥቁበት አንገቱን ይደፋል። ከመዘምራኑ ላውጣው ወይስ ልተወው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ አያውጡት። ከዐሥራ ሁለት እስከ ዐሥራ አምስት ባለው ዕድሜ የወንድ ልጅ ማንቁርት በፍጥነት ያድጋል፣ አውታሮቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። ድምፁ በመጨረሻ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። አንድ ኦክታቭ ማለት ሴቶችና ወንዶች ያንኑ ዜማ አብረው ሲሉ በድምፃቸው መካከል ያለው ርቀት ነው። መሰንጠቁ ጡንቻው አዲሱን ልክ እስኪለምድ የሚፈጠር ነው፤ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ሁለት ዓመት ሊቆይ ይችላል። በሽታ አይደለም፣ አያምምም።

በአውሮፓ ካቴድራሎች መዝሙሩ በአራት የተለያየ ድምፅ ስለሚቀነባበር፣ ላይኛውን ድምፅ የሚይዘው ሕፃን ድምፁ ሲለወጥ ቦታውን ይለቃል። በእንግሊዝ ልጆቹ ስምንት ዓመት ገደማ ገብተው ዐሥራ ሦስት ገደማ ይሰናበታሉ። የእኛ ዜማ ግን ባለ አንድ መስመር ነው፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም ያንኑ ዜማ በየራሱ ልክ ይለዋል። ስለዚህ ልጁ የሚያጣው ቦታ የለም፤ ቦታውን ዝቅ ያደርጋል እንጂ።

እንዲህ ያድርጉ፦ ነጠላ መሪ ስንኝ ለጊዜው አይስጡት። ረድፉ ውስጥ ከትልልቆቹ ወንዶች ጎን ይቁም፤ የሚመቸውን ብቻ ይበል፣ ድምፁ ሊሰነጠቅ ሲል ዝም ይበል። ድሮ የሚችለውን ከፍታ እንዲደርስ በፍጹም አያስገድዱት፤ ጉዳት የሚመጣው ከዚያ ነው። በዚህ ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ያስተምሩት፤ እጁና ጆሮው በሚሠሩበት ወራት ድምፁ ይበስላል። ስለሚሥቁትም አንድ ቀን ልጆቹን ሰብስበው ይህ ለወንዶቹ ሁሉ እንደሚመጣ ይንገሯቸው። ልጁ በሌለበት ሳይሆን በፊቱ፣ እንደ ተራ ነገር። የሴቶችም ድምፅ በዚያው ዕድሜ በመጠኑ ይወርዳል፣ ትንፋሽም ይበዛበታል፤ እነሱም ዕረፍት ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ማንበብ ለማይችሉ የአምስት ዓመት ልጆች የግእዝ መዝሙር እንዴት ላስጠና? (ከቡሬ)

መልስ፦ መጀመሪያ ትርጉሙን በአማርኛ እንደ ተረት ይንገሯቸው። ያልገባቸውን ቃል እንደመሰላቸው ይቀይሩታል፤ ቃሉ በዚያው ተበላሽቶ ይቀራል። ቀጥሎ ቃሉን ያለ ዜማ፣ ሦስት አራት ቃል እየቆራረጡ በንባብ ያስብሉ። አፋቸው ሲያቀና ዜማውን ይጨምሩ። አንዱን ስንኝ እርስዎ ሁለት ጊዜ ይበሉ፣ እነሱ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ እርስዎ ዝም ይበሉና ብቻቸውን ይበሉት። አብረው ከዘመሩ ስሕተታቸውን አይሰሙትም። ረድፍ በረድፍ ያስብሉ፤ አንዱ ሲል ሌላው ያርፋል። ሃያ ደቂቃ ካለፈ ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ነገር የለም። ከስልክ የተቀዳ መዝሙር እያስከፈቱ ማስጠናቱን ይተዉት፤ ልጆቹ የዘማሪውን ማስመሰያና ማቃሰት ይይዛሉ፣ አነሳሱም ለእነሱ ልክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለፈው በዓል ሁለት ሕፃናት ተራ ይዘው ሳሉ ወደቁብን። ምክንያቱ ምን ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሳይበሉ፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ፀሐይ ላይ ጉልበታቸውን ገትረው መቆማቸው ነው። የተገተረ ጉልበት ደም ከእግር ወደ ላይ እንዳይመለስ ያደርጋል። ጉልበታቸውን ላላ እንዲያደርጉ፣ በየመሃሉም ተረከዛቸውን እያነሡ እንዲያወርዱ ያስተምሯቸው። የሚቆርቡ ልጆች ቅዳሴው እንዳበቃ ጠበሉን ጠጥተው ጥቂት ይቅመሱ፤ ሰልፉ ከዚያ በኋላ ይጀመር። የማይቆርቡ ትንንሾች ግን ቁርስ በልተው ይምጡ። የፈዘዘ፣ የገረጣ፣ የሚያዛጋ ልጅ ካያችሁ ከመውደቁ በፊት አስቀምጡት። የወደቀውን ጥላ ሥር በጀርባው አስተኝታችሁ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ሳይነቃ ውኃ በአፉ አታፍሱ። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልነቃ ወይም ከተንቀጠቀጠ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለሠላሳ ልጅ ቢያንስ ሦስት አዋቂ ከረድፉ ጎን ይሂድ፤ አንዱ ውኃ ይያዝ።

ጥያቄ፦ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚሆን ከበሮ እንዴት ይመረጣል? (ከደንበጫ)

መልስ፦ ልጁ ማንገቻውን አንገቱ ላይ አግብቶ ሲቆም ከበሮው ወገቡ ላይ ጋደም ብሎ፣ ሁለቱም እጆቹ ትከሻውን ሳያነሣ ሰፊውንም ጠባቡንም አፍ ካገኙ ልኩ ነው። ክርኑ ከተዘረጋ ከበሮው ይረዝምበታል፤ ወገቡን ወደ ኋላ ከለጠጠ ይከብደዋል። ማንገቻው ሰፋ ያለ ጨርቅ ይሁን፣ ቀጭን ጠፍር አንገት ይቆርጣል። ቆዳው በክረምት እርጥበት ሲላላ ድምፁ ይሞታል፤ ልጁም ድምፅ ለማውጣት እጁን ያሳብጣል። ከአገልግሎት በፊት ለስለስ ባለ ፀሐይ ላይ ጥቂት ያቆዩት፤ እሳት ዳር ግን አያስጠጉት፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።